የሉባባ ጥላ

ሮቢት ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ሲቆም፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በመስኮት የገዛችውን ጥንቅሽ በጥርሷ መላጥ ጀመረች፤ ያ ጣፋጭና ሣር ሣር የሚል የእርጥብ አገዳ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ በእጄ የያዝኩትን ስልክ ረሳሁት። ስልኩ ላይ የአሳታሚዬ መልእክት ነበር፤ «ሦስተኛውን ቅጽ ትቀጥያለሽ ወይስ ይቅር? ቁርጡን ንገሪኝ» ይላል። ጥላ ሰብሳቢው ስለሚባል ጭራቅ የምጽፈው ልቦለድ ሁለት ቅጽ ወጥቶለታል፤ በሁለተኛው መጨረሻ ላይ አንዲት ፍንጭት ልጅ ስለምትሞት አንባቢዎች ተቆጥተው «መልሻት» እያሉ ይጽፉልኛል። ወደ ቆቦ፣ እህቴ ቤት፣ ረጋ ብዬ ልወስን እየሄድኩ ነበር። ጥንቅሹ ግን ቀድሞ ወደ ማሽላው ማሳ ወሰደኝ።

ማሳችን ከሮቢት ወደ ቆቦ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ማሽላው እሸት ሲይዝ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ይረሳና የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወንጭፉን ይዞ በየአባቱ ማማ ላይ፣ ማለትም በአራት እንጨት በቆመ ቆጥ ላይ፣ ይሰቀላል። ግሪሳ ወፉ ጠዋት እንደ ደመና ይወርዳል፣ እንጮሃለን፣ እንወነጭፋለን፣ ጉሮሯችን እስኪዘጋ፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ወፉም ሙቀቱን ሸሽቶ ዛፍ ውስጥ ይገባል። ያኔ ወርደን ትልቋ ቁርቁራ ሥር እንሰበሰብና ፍሬዋን እየቆረጠምን ተረት እንሰማለን። እንሰማለን ማለቴ እነሱ ይሰማሉ፣ እኔ እናገራለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ወንጭፍ አልችልም፣ መልኬም ይህን ያህል አልነበረም፤ ያለችኝ ምላሴ ብቻ ነበረች፣ እሷን ደግሞ አላሳረፍኳትም።

ተረቴ በየቀኑ የሚቀጥል ነበር። ጥላ ሰብሳቢው ረጅም፣ ፊት የሌለው ሰውዬ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ይዞራል፣ የሰውን ጥላ ከመሬት ገፎ እንደ ሰሌን ይጠቀልላል፤ ጥላው የተወሰደበትም በሰባት ቀን ደርቆ ይሞታል። ሟቾቹ ከሩቅ አገር የመጡ አልነበሩም፤ እዚያው የተቀመጡት ልጆች ነበሩ። ማማ ላይ ያንቀላፋ፣ ቁርቁራ የነፈገኝ፣ በቀጫጭን እግሮቼ የሳቀ፣ በማግስቱ ጥላው ይጠቀለላል። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ልጆቹ ከፍርሃት የተነሣ ማንቀላፋት ስለተዉ «ከአሥር ወንጭፍ የእሷ ምላስ ይሻላል» እያለ በየመንደሩ አወራልኝ። እኔም አበጥኩ።

ሉባባ የጎረቤታችን የእትዬ ሐዋ ልጅ ነበረች፤ ፍንጭት፣ ሳቂታ፣ በወንጭፍ ወንዶቹን የምታስከነዳ። አንድ ቀን ተረቱ መሀል ብድግ ብላ ፀሐይ ላይ ቆመችና እግሯ ሥር አየች። «እንዴ ትርንጎ፣ በእኩለ ቀን ማን ጥላ አለው? ሰውዬው ምኑን ሊጠቀልል ነው?» አለች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እውነቷን ነበር፤ እኔንም ያቃጠለኝ ይኸው ነው። በማግስቱ መልሱን ይዤ መጣሁ። ጥላ ሰብሳቢው እኩለ ቀንን የሚመርጠው ለዚሁ ነው አልኩ፤ ረጅም ጥላ ለመጠቅለል ያስቸግራል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን እንደ እፍኝ ጥሬ አንሥቶ ኪሱ ይከተዋል፤ ትናንት የሉባባን ወሰደ፣ እየሳቀች ስለነበር አላየችውም። ብናገረው ያሳፍራል እንጂ በዚያ መልስ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ሉባባም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ወባ ጣላት። በእኛ ቆላ ወባ ያልጣለው ልጅ የለም፤ ሁላችንም ታመን ተነሥተናል። ሉባባ ግን «ዛሬ ስንተኛዬ ነው?» እያለች ቀን ትቆጥር ጀመር። በማግስቱ እትዬ ሐዋ በዚያ ፀሐይ፣ ሻሿን ውሃ ነክራ ራሷ ላይ ጥላ፣ ማሳችን ድረስ መጣች። ልጆቹን ዘወር በሉ ብላ ፊቴ ቁጢጥ አለች።

«ትርንጎ እናቴ፣ የሚያድናትስ አላህ ነው፤ ክኒኑንም እየዋጠች ነው። ፍርሃቱ ነው ያስቸገረኝ። ነይና ተረቱን ቀጥይላት፤ ጥላሽን መለሰልሽ በያት።»

«የተወሰደ ጥላ አይመለስም እትዬ ሐዋ። ደንቡ ነው።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«እንግዲያ አንቺው ሻሪዋ!»

አስብበታለሁ አልኳት። አንድ ፍሬ ልጅ፣ ለምትለምን እናት፣ አስብበታለሁ! ልቤ የፈለገው ሉባባ ድና እንድትመጣና በልጆቹ ፊት ተሳስቼ ነው እንድትለኝ ነበር። ቤታቸው ከማማችን ይታያል፤ ሁለት ቀን ሙሉ የሣር ክዳኑን እያየሁ ወፍ ጠበቅኩ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት በቃሬዛ ወደ ቆቦ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ከሰዓት በኋላ ያው ቃሬዛ ፊቷ ተሸፍኖ ሲመለስ ማማዬ ላይ ሆኜ አየሁት። የገደላት ወባ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ያሉት ይህንኑ ነው፣ እውነትም ነው። ግን ፈርታ ሞተች፣ ፍርሃቱም የእኔ ሥራ ነበር።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ አድማጮቼ በዙ፤ በልጆቹ ዘንድ ተረቱ እውነት ነው ተብሎ ከጎብዬ በኩል ያሉ ልጆች ሳይቀሩ ቁርቁራ በሻሽ ቋጥረው ይመጡልኝ ጀመር። እኔም የለም፣ ወባ ነው የገደላት አላልኩም። ቀጠልኩ። ደራሲ የሆንኩት ያኔ ነው ብል አልዋሸሁም። እትዬ ሐዋ የለመነችኝን ለማንም አልተናገረችም፤ ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ደህና ነሽ እናቴ?» ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ቆቦ በገባሁ በማግስቱ እትዬ ሐዋን ልጠይቃት ሄድኩ። አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል፤ ከወንድ ልጇ ጋር ነው የምትኖረው። የልጅ ልጇ ሁለቱንም መጽሐፍ አንብባላታለች፤ ይህን ስሰማ የተቀመጥኩበት ቦታ ቆረቆረኝ። ፍንጭቷ ልጅ ማን እንደሆነች አልጠየቀችኝም። እኔው አላስቻለኝም፤ ሦስተኛውን ልጀምር ነው፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጥላዋን እመልስላታለሁ አልኳት። እየተናገርኩ እንባዬ መጣ፤ ስጦታ ያመጣሁላት መስሎኝ ነበር። እትዬ ሐዋ በዳበሳ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

«ያኔ ነበር እንጂ እናቴ» አለችኝ። «ያኔ በሩን በሩን እያየች ስትጠብቅሽ ነበር።»

ከቤቷ እንደወጣሁ ለአሳታሚዬ «ይቅር» ብዬ ጻፍኩለት። አንባቢ ይቆጣል ብሎ መለሰልኝ። ይቆጣ። ተረቱ እንዲቀጥልላት የፈለገችው ልጅ ጠብቃኝ ጠብቃኝ ሄዳለች፤ ከማማችን እስከ በራቸው ደግሞ ሩጫ እንኳ የሚያስፈልገው መንገድ አልነበረም።