የጥርሱ ሕልም ቀሪው

ባለፈው እሑድ ምሳ እየበላን ሳለ የእህቴ ልጅ ሜሮን «አክስቴ፣ ቴራፒ ጀምሬያለሁ» አለችኝ። ሥራዋን ለቃለች፣ ከእጮኛዋ ተለያይታለች፣ ወዴት እንደምትሄድ ግራ ገብቷታል። በየሳምንቱ አንዲት ባለሙያ ፊት ተቀምጣ የልቧን ታወራለች። አስደነገጥኳት ብላ ፊት ፊቴን ታያለች፣ እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። ምነው ብትሉ፣ እኔ ይህን ነገር በደርግ ጊዜ፣ ያውም አምቦ ላይ፣ ስሙን እንኳ ሳላውቀው ጨርሼዋለሁ።

ያን ክረምት ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ካቺሲ ተመደብኩ። ያኔ ካቺሲ ለመድረስ ጊንጪ ወርዶ የጭነት መኪና መለማመጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ጭቃው ፈቃድ። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴም ዳቦ ቆሎ ቆልታ፣ በሶ አዘጋጅታ፣ ስንቄን ቋጥራ ጨርሳለች።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ በሕልሜ ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ። ጠዋት ለእናቴ መናገር ጀመርኩ። የፊት ጥርሴ ወልቆ መዳፌ ላይ ወደቀ ከማለቴ አፌን በእጇ ከደነችው። እኛ ዘንድ የጥርስ ሕልም ሞት ነው፤ ክፉ ሕልም ደግሞ ቢጀመርም አይጨረስም። «ሰው ሊጎድልብን ነው» አለችና ፊቷን አዞረች። እንዴት አትፈራ? ታላቅ ወንድሜ ተሾመ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ እሷም ጥርሷ ሲወልቅ አይታ ነበር። ወደ ሰሜን እንደ ሄደ ደብዳቤውም መርዶውም ሳይመጣ ቀረ።

እኔ ይጎድላል የተባለችው እሷው ናት ብዬ ደመደምኩ። ትቻት ብሄድ ትሞትብኛለች። መናኸሪያ ደርሼ የአውቶቡሱን ደረጃ ልረግጥ ስል ዞሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። በሳምንቱም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ዓይነ ጥላ ነው ተብዬ ጠበል ተጠመቅኩ፤ እግሬ ግን ከአምቦ አልወጣም አለ። እስከ ጥቅምት ካልደረስኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አባታችን አርፏል፣ ቤቱ የሚጠብቀው የኔን ደመወዝ ነው። እህል አልበላ ሲለኝ ጎረቤቶች ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

እዚያ ሲስተር አስካለ የሚባሉ ነርስ ነበሩ፤ የአእምሮ ሕክምና አዲስ አበባ የተማሩ፣ ረጋ ያሉ ሴት። «ኮቱ ታኢ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። በየረቡዑ እየመጣሽ ልብሽ ላይ ያለውን ተናገሪ፣ በቃ። መጀመሪያ ተናደድኩ። «አይዞሽ» እንኳ አይሉም እኮ! አይዞሽ የማይል ሐበሻ ያኔ ነው ያየሁት። ሳለቅስም ዝም፣ ዝም ስልም ዝም። በመስኮቱ የሚጠበስ የበቆሎ እሸት ይሸተኛል፣ እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቁኛል። እናቴማ «ወሬ ከሆነ እቤትም አለ» እያለች ታሾፍ ነበር።

አንድ ረቡዕ ሕልሙን አነሳሁ። ጥርሴ ወለቀ፣ መዳፌ ላይ ወደቀ አልኩና አቆምኩ። የእናቴን እጅ የምጠብቅ ይመስል።

«ከዚያስ?» አሉ።

ከዚያስ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሕልሙ መቀጠሉን እኔው ራሴ ዘንግቼዋለሁ።

«ከዚያማ ደጅ ወጥቼ ጣራ ላይ ወረወርኩት።»

«ለምን?»

«አዲስ እንዲበቅልልኝ ነዋ» አልኩና የገዛ አፌን ሰማሁት። ጣራ ላይ የሚወረወር የወተት ጥርስ ነው። ልጆች ሆነን ሁላችንም ወርውረናል፤ በወተት ጥርስ የሞተ ሰው ደግሞ የለም። ሳቄን ለቀቅኩት፣ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ልወጣ ስል ሲስተር እናቴ ሰው ስትል ማንን ማለቷ እንደሆነ ጠይቄያት እንደማውቅ ጠየቁኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? ብቻ ጠየቅኳት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ሕልሙን እስከ ጣራው ነገርኳት፣ ቀጥዬም ይጎድላል ያልሽው ማንን ነው አልኳት። ጎመኑን አስቀመጠች።

«ለራሴማ ምን ብዬ እፈራለሁ» አለች። «ላንቺ ነው እንጂ። አንዱ ሄዶ ቀረብኝ።»

ለካ እኔ እሷ እንዳትሞት፣ እሷ እኔ እንዳልሞት ስንፈራ ነው ክረምቱን የጨረስነው። ተቃቅፈን ተላቀስን። ጥቅምት ሳይብት ተሳፈርኩ። ፍርሃቱ አልተወኝም፣ ግን ወጣሁ።

በክረምት ለዕረፍት ስመለስ እናቴ እንደ ቀላል ነገር አወጋችኝ። እኔን የሸኘች ቀን ከመናኸሪያው ወደ ቤት አልሄደችም። ቀጥታ ሲስተር አስካለ ጋ ገብታ ተቀመጠች። ምን አወራሽ ብላት «ስለ ተሾመ» አለች። እኔ ቤት እያለሁ፣ ሆዴ እንዳይባባ ብላ፣ «አንዱ ሄዶ ቀረብኝ» ካለችው በቀር ስለ እሱ ትንፍሽ ብላ አታውቅም ነበር።

ሜሮን ይህን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ ምን መከሩሽ?» አለችኝ። ባስብ ባስብ አንዲት ምክር አጣሁ። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው፤ ለልጅቱም ያልኳት ይህንኑ ነው። መሄዴ እናቴን ይገድላታል ብዬ ነበር። እናቴ ግን ልጇን ተሾመን አንድ ቀን እንኳ በወጉ አልቅሳ የማታውቀው እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ነው።