ውርጭ የለመደ የጽድ ዘር

ሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ደብረ ታቦር

የሚኒባሱ ረዳት «ወረታ! ወረታ!» ይላል፤ ትንፋሹ እንደ ጭስ ይታያል። ባዶ ጆንያዬን ይዤ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጥሁ።

«ምን ልትጭንበት ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

«የጽድ ዘር።»

«ለጽድ ዘር ይህን ሁሉ መንገድ!» ብሎ ሳቀ።

የምሠራው ችግኝ ጣቢያ ነው። አምና ጉና ግርጌ፣ በተራቆተ ዳገት ላይ የተከልነውን ጽድ ውርጭ መትቶ ጨረሰው። ዘሩ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ረፋድ 5 ሰዓት፤ ጣራ ገዳም

ወረታ ላይ ሻይ በቦምቦሊኖ፣ ከዚያ የፎገራ የሩዝ ጭድ ክምር፣ ከዚያ አዲስ ዘመን። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጽዱ በፍሬ የተንዠረገገ ነው። ዛሬውኑ ጆንያዬ ይሞላል አልሁ። ደኑን የሚጠብቁት መነኩሴ ከችግኝ ጣቢያው የያዝሁትን ደብዳቤ አነበቡ።

«የት ሊተከል ነው?»

«ጉና ግርጌ፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ ዘሩን አልነፍግህም። ግን የእኛ አገር ወይና ደጋ ነው፤ ጽዱ ውርጭ አያውቅም። እዚያው ደጋ የኖረ እናት ዛፍ ፈልግ።»

እጃቸውን ስሜ በባዶ ጆንያ ወረድሁ። ቢሆንም ዘሩን የት እንደምፈልግ አወቅሁ።

ማክሰኞ፣ 3 ሰዓት፤ ጉና ግርጌ

ሣሩ ገና በውርጭ ነጭ ነው። ከትንሿ ደብር ቅጥር ውስጥ ያረጁ ጽዶች ቆመዋል፤ ፍሬ የያዙት ግን አራት ብቻ ናቸው።

«ከአራት እናት ብቻ ደን አይወለድም» አልኋቸው ቄሰ ገበዙን። «ዘመድ ከዘመድ ይዳቀላል።»

ሳቁ። «እኛስ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለምን ሆነና! ከሸንተረሩ ማዶ ጽድ ያላቸው ሁለት ደብሮች አሉ፤ እኔው እወስድሃለሁ።»

ፍሬውን ስንለቅም እናኑ የምትባል ገበሬ መጣች። አምና ለተከላው የግጦሽ መሬቷን የለቀቀች እሷ ናት።

«ደግሞ ልትተክሉ? መሬቴን ሰጥቼ ያገኘሁት ጭራሮ ነው። ከእንግዲህ ላሞቼን ከዳገቱ አላስወጣም!»

«የአምናው ጥፋት የእኛ ነው፣ እትዬ። ዘንድሮ ዘሩ ከራሳችሁ ደብር ነው።»

አንድ ፍሬ በጣቷ አሽታ አሸተተችው። ፍሬውን እንደያዘች ወደ ላሞቿ ሄደች።

ረቡዕ፣ 10 ሰዓት፤ መልስ

የሦስቱን ደብሮች ዘር በሦስት ከረጢት ለይቼ፣ በየላዩ የደብሩን ስም ጽፌ ወደ መኪናው መንገድ ወረድሁ። ዳገቱ ሥር ስደርስ እናኑን አየኋት። ላሞቿን ከተከላው መሬት እየነዳች ታወርዳለች። ስታየኝ ዱላዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች፦

«ችግኙ እስኪደርስ መሬቱ ይረፍ!»