ከሶፋው አምስት እርምጃ

ጥሩምባ የእህቴ ባል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ የመኪናው ጥሩምባ በተበላሸ ቀን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በገዛ ድምፁ መንገድ አስለቀቀ ይላሉ። እውነት ይሁን ቀልድ አላጣራሁም፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። ስልክ ሲያወራ የሰማ ሁሉ፣ ይህ ሰውዬ ስልኩ ለምን አስፈለገው ይል ነበር።

ባለፈው ዓመት ጉሮሮው ላይ እባጭ ተገኘበትና ሐኪሞቹ ማንቁርቱን አወጡት። አንገቱ ላይ በተከፈተች ቀዳዳ መተንፈስ ጀመረ፤ ድምፁም በዚያው ቀረ። ለመነጋገር ባለ መስመር ደብተርና እስክሪብቶ ያዘ። የውስጡ ቁስል ደግሞ አልገጥም አለ። እስኪገጥም ድረስ ጠብታ ውሃ እንኳ በአፉ እንዳይዞር ተባለና ሆዱ ላይ ቀጭን ቱቦ ተተከለለት። በቀን አምስት ጊዜ ወተት የመሰለ የታሸገ ፈሳሽ በቱቦው ይገባል፤ ያ ነው ቁርሱም ምሳውም እራቱም።

እኔ ግን ማውራት የፈለግሁት ስለ እህቴ ነው። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ እንደ አልጋ የሚሰፋው የመተኮሻ ማሽን ፊት ቆማ፣ በአንድ በኩል እርጥብ ሆኖ የገባውን አንሶላ በሌላው በኩል ተቀብላ ታጥፋለች። ጥሩምባ ከቀዶ ጥገናው ሲወጣ አራተኛ ፎቅ ወዳለው ቤታቸው መውጣት ስላቃተው፣ ሁለት ክፍል ያለው ምድር ቤት ተከራይታ እቃውን ሁሉ ለብቻዋ አጓጓዘች። ለአንድ ሳምንት እንኳ ከሥራ አልቀረችም። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት!" አለ። እኔም አልኩ።

አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ ከሕንፃው ጀርባ አገኘኋት። ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆማ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ዳቦ በእንቁላል ትበላለች።

"እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"እየበላሁ ነው።"

"ቆመሽ? እዚህ?"

"ምሳ ነው" አለችኝ፤ ጥያቄዬን የመለሰችልኝ መስሏታል።

ኋላ ነው የገባኝ። የአዲሱ ቤት ምድጃ ያለው ሳሎኑ ውስጥ ነው፤ ከጥሩምባ ሶፋ አምስት እርምጃ ቢርቅ ነው። መብላት በማይችል ሰው አፍንጫ ሥር ሽንኩርት እንዴት ይጠበሳል? ስለዚህ ድስቶቹን ከመጡበት ካርቶን አላወጣቻቸውም። በሥራ ቀን ሆስፒታሉ ካፌ ትበላለች፤ በእረፍቷ ቀን ደግሞ ገመዱ ሥር። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ኖራለች።

የዚያን ዕለት ቤት ስንገባ ጥሩምባ ደብተሩን አቀበለኝ። "ምግብ የሚሠራበትን ቻናል አስገባልኝ" ይላል። ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ክፍል ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ነበር፤ እዚያ ለምዶታል።

እትዬን አየኋት። ሰውዬው ራሱን ሊያሰቃይ ነው ወይስ እሷን? ፊቷ ላይ ምንም የለም።

"የሚለውን ስጠው" አለችኝና ያጠበችውን ፎጣ ማጠፍ ቀጠለች።

እኔ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ እቃ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እንዲህ ያለው ነገር ለእኔ ነው የሚተወው። ቤቱ የኬብል መስመር የለውም፣ አከራዩም ግድግዳ አያስበሳም። በማግስቱ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ የምትሰካ የአውራ ጣት ያህል እቃ ይዤ ሄድኩ።

"ያለ ኬብል?" አለች እትዬ።

"በኢንተርኔት ነው የሚመጣው።"

"ኢንተርኔቱስ ከየት ይመጣል?"

"ዋይፋይ አስገባሁልሽ አይደል፤ በሱ።"

መጀመሪያ የቻናሉን የራሱን አፕ ጫንኩ። ከፈትኩት፤ ለማየት የኬብል ድርጅትዎን ይምረጡ አለኝ። ኬብል ስለሌለን እኮ ነው ወዳንተ የመጣነው! ጥሩምባ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ ስለሌለው ሳቁ በአንገቱ ቀዳዳ በኩል እንደ ፉጨት ሾለከ። በመጨረሻ ስልሳ ቻናል ጠቅልሎ በቀጥታ የሚያሳይ ሌላ አገልግሎት አገኘሁና አስመዘገብኩት። ከስልሳው ሃምሳ ዘጠኙን ዞሮ አላያቸውም።

ቤቱ ከዚያ ወዲያ መልኩ ተለወጠ። እትዬ ከሥራ ትመጣለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ፈሳሹን በትልቁ መርፌ ትስብና በቱቦው ቀስ እያለች ትለቅለታለች። ከፊታቸው ቴሌቪዥኑ ላይ አንዱ ዓሣ ይጠብሳል፣ ሌላዋ ሊጥ ታሻለች። ኢንተርኔቱ ሲደክም ሴትዮዋ እንቁላሉን አየር ላይ እንደያዘች ቀጥ ትላለች፤ እትዬም እጇን ታቆማለች፤ ምስሉ ሲቀጥል ትቀጥላለች። ይህን የምታደርገው ሳታውቀው ይመስለኛል። ጥሩምባ ደግሞ በደብተሩ አስተያየት ይጽፋል። "ይቺ በጣም ትቸኩላለች።" "ይኼኛው፣ ቢላ አያያዙ መንጃ ፈቃድ አያሰጠውም።" እሷ ታነብና ራሷን ትነቀንቃለች። ሳቀች ወይ ብትሉኝ፣ አልሳቀችም።

አንድ ጊዜ ወደ በሩ ስትሸኘኝ፣ "ይህን ሁሉ ምግብ ስታዪ ምን ይሰማሻል?" አልኳት።

"ምንም" አለች። "እንደ አንሶላው ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል።"

ሁለት ወር ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው ሱቅ ደወለችልኝ። "ምግቡ ጠፋ" አለች። ስሄድ ጥቁር ስክሪን ላይ፣ ይህ ቻናል ከአገልግሎታችን ወጥቷል የሚል ጽሑፍ አለ። ሁለቱ ድርጅቶች በውል ሳይስማሙ ቀርተው ነው አሉ፤ እኛን ያማከረን የለም። ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ ብዬ ሄድኩ። ጥሩምባ ዜና ሞከረ፣ ኳስ ሞከረ፣ አጠፋው። ከዚያ ፊቱን ወደ ሶፋው ጀርባ አዙሮ ተኛ። ሁለት ቀን ሙሉ ደብተሩ ላይ አንዲት ቃል አልጻፈም።

ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ እትዬ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የካርቶን ፕላስተር ትልጣለች። ድስት አወጣች፤ ቢላና መክተፊያ አወጣች።

"እትዬ?"

"ካሮት ነው። ድንችም አለ" አለች።

ምድጃውን ስትለኩስ ጥሩምባ ዞረ። ጥቂት አያትና የሶፋውን እንጨት በጣቱ ማንኳኳት ጀመረ። ደብተሩን አነሳልን፤ "ቀጭን አድርጊው" ይላል።

ቀጭን አድርጋ ከተፈች። ድንቹን ልትጨምር ስትል እንደገና ተንኳኳ። "ሽንኩርቱ ይቅደም።"

ቢላውን አስቀመጠች። "አንተ ሰውዬ" አለች፣ "ውሃ አፍልተህ ታውቃለህ? በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ቀን? በሰባት ሳምንት ቴሌቪዥን ነው አለቃ የምትሆንብኝ?"

ከወራት በኋላ ድምፅዋ ከፍ ሲል የሰማሁት ያኔ ነው። ጥሩምባ በአንገቱ አፏጨ። እሷም ሽንኩርቱን አስቀደመች።

ሲበስል ለእኔና ለራሷ በሰሃን አወጣች። ሰሃኗን ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ ጥሩምባ አንኳኳ፤ ከፊቱ ያለውን ወንበር አሳያት። ቆማ አመነታች።

"ሽታው አያስቸግርህም?"

ጻፈ፦ "በአፍንጫዬ አልተነፍስም እኮ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ነግሬሻለሁ።"

"መቼ ነገርከኝ?"

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ፤ ብዙ ገለጠ። ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን የጻፈው ገጽ ላይ፣ በዚያ ትልልቅ ፊደሉ፣ "ምግብ አይሸተኝም፤ ቤት ውስጥ አብስይ፤ ስትበዪ ልይሽ" ይላል። ሥሩ ላይ በእሷ ጽሕፈት "እሺ" ተብሏል።

እትዬ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየችው። "የኔ ጽሕፈት ነው" አለች። "ግን አላስታውስም።" ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና በላች። እሱ ጉርሻዋን አንድ በአንድ እየተከተለ አያት። "ጨው?" ብሎ ጻፈ። "አንሶታል" አለች።

ከዐሥር ቀን በኋላ ቻናሉን በሌላ አገልግሎት አገኘሁላቸው። ማየቱ ቀጠለ፤ እሷም እየበሰለ ባለው ድስትና በቴሌቪዥኑ መካከል መመላለስ ለመደች። አሁንም እምብዛም አታወራም። "ተሻለሽ?" ስላት፣ "የታመመው እሱ ነው" ትለኛለች።

ቁስሉ የገጠመው ከዚያ በሦስተኛው ወር ነው። ሐኪሙ ለስላሳ ነገር በማንኪያ ፈቀደለት። እትዬ ካሮት ቀቅላ አደቀቀችለት። አንድ ማንኪያ ዋጠ። ሁላችንም አፉን አፉን እናያለን።

"እንዴት ነው?"

ዐይኑን ጨፍኖ ቆየና ጻፈ፦ "ምንም አይልም።" ቀጥሎም፣ "ጨምሪልኝ።"

እኔ እንባዬ መጣ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሷ ማንኪያውን ሞላች። ግማሽ ሰሃኑን ሲጨርስ ሰሃኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቦታው መለሰች። እንደ ሥራ ቀን ነው፤ ደስታም ኀዘንም አላየሁባትም።

ቱቦው በወጣ ሰሞን የሥራ ኃላፊዋ ያጠራቀመችውን ፈቃድ ካልወሰደች እንደሚቃጠል ነገራት። አንድ ሳምንት ወሰደች። መጀመሪያ ቀን ልብስ እንኳ ሳትቀይር ተኛች። ሁለተኛውን ቀንም ተኛች፤ ጥሩምባ ደንግጦ በስልክ መልእክት ጠራኝና አጠገቧ ተቀምጠን ትንፋሿን አዳመጥን። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጉንጯ ላይ የትራስ መስመር ይዛ ወጣች። መሐል ሳሎን ቆማ ማን እንደሆንን የምታጣራ ይመስል አንድ በአንድ አየችን።

"ራበኝ" አለች።

ድምፁ የሚያስቅም የሚያስለቅስም አልነበረም። እንዲሁ ነገረችን። እኔ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ።