ቀበሮዋ የዘለለችባቸው ቦታዎች

ሰፈሩ በሙሉ «ማሙሽ» ይለዋል። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ከግራ በኩል ሸብቷል፤ የስፌት መኪና ሲፈታና ሲገጥም ስለሚውል ጥፍሩ ከጥቁር ዘይት ጠርቶ አያውቅም። ቢሆንም ማሙሽ ነው። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ነበረች፤ እሷ ያወጣችው ስም ደግሞ አንዴ ከተለጠፈ አይላቀቅም።

ሱቁ ከደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። ልብስ ሰፊዎች ክር በጠሰብኝ፣ ስፌት ዘለለብኝ እያሉ ይመጣሉ። እሱ አንድ ጊዜ ፔዳሉን ያስረግጣቸውና ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ከዚያ በሽታው ይሄ ነው ይላል። ተሳስቶ አያውቅም፤ ጆሮው ለጉድ ነው። ይሄው ጆሮው ነው ኋላ ጉድ የሠራው።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ላፕቶፑን ከፍቶ ሪሚክስ ይሠራል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ድሮ ልጆች ከቴሌቪዥን ጋር እያገናኙ የሚጫወቱባቸው የጌም ማሽኖች ነበሩ። ማሙሽ የእነዚያን ጲጲ የሚል ዜማ ወስዶ ከበሮ ያገባበታል፣ ባሱን ያወፍረዋል፣ ይዘረጋዋል፤ ከዚያ መሰሎቹ በሚገናኙበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ይለጥፈዋል። ማንም አልለመነው፣ ማንም አያመሰግነው። መሰሎቹ ማለት በየአገሩ ያሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሚስቶቻቸው ተስፋ የቆረጡባቸው ወንዶች ናቸው። ማሙሽ ለዚያም አልበቃም፤ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው።

የመጀመሪያ አድማጩ ሁልጊዜ እህቱ ነበረች። የመዋለ ሕጻናት አስተማሪ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ጎራ ትልና ማዳመጫውን ከራሱ ላይ ነጥቃ ታጠልቀዋለች። ከወደደችው ትስቃለች። ካልወደደችው፣ «ማሙሽዬ፣ ይሄ እንኳ ለጥርስ ሐኪም ቤት ይሆናል» ትለውና ትሄዳለች። ከሁለት ዓመት በፊት ኩላሊቷ ከዳት፤ በአራት ወር ውስጥ እንደዋዛ ሄደች። እሱም ማዳመጫውን ምስማር ላይ ሰቅሎ ተወው። ሲቀብሯት አላለቀሰም፤ ሰው ሲያስተናግድ፣ ወንበር ሲያቀርብ፣ እናቱን ሲደግፍ ጊዜው አለፈና እንባው እዚያው ውስጡ ቀረ።

ካሴቱን ያገኘው የእናቱን የስፌት መኪና ዘይት ሊቀባ መሳቢያውን ሲከፍት ነው። እናቱ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መስፋት ትታለች፤ መኪናዋ ዝጋ እንድትቀር ግን አትፈልግም። ካሴቱ ከልብስ ቁልፍና ከጠመኔ ቁራጭ ሥር ተቀብሮ ነበር። በላዩ ላይ በእህቱ የልጅነት ጽሑፍ «ቀበሮዋ። እንዳይነካ።» ይላል። ማሙሽ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

እሱ የዘጠኝ፣ እሷ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አጎታቸው አንድ የጌም ማሽን ለአንድ ክረምት አውሷቸው ነበር። ጌሙ ፋኖስ በአፏ የያዘች ቀበሮ ጉድጓድና ውሃ እየዘለለች ወደ ቤቷ የምትመለስበት ነው። ማሽኑ ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ልጆቹ ሆድ ባሳቸው። እህትየው ዘዴ ፈጠረች፦ ሙዚቃውን እናስቀረው። እሱ ትንፋሹን ውጦ ቴፑን ቴሌቪዥኑ ሥር ያዘ፤ እሷ ተጫወተች፤ እናታቸው ከኋላ ትሰፋለች። ቀበሮዋ ውሃው ውስጥ ስትወድቅ ቴፑን አጠፋ። ያገኙት አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። ያቺን ካሴት በየቀኑ፣ ለስንት ዓመት፣ ቤቱ እስኪያንገሸግሸው ሰሟት። እናታቸው «የጢንዚዛ ዘፈን» ትለው ነበር፤ ግን ዝጉት ብላ አታውቅም።

ማሙሽ ማዳመጫውን ከምስማሩ አወረደ። ለእህቱ የሚሆን፣ ከሠራው ሁሉ የበለጠ ሪሚክስ ሊሠራ ቆረጠ። ካሴቱን አጫውቶ ወደ ላፕቶፑ አስገባው፤ ወደ ኋላ ሲያጠነጥነው ክሩ ተበጠሰና ማጫወቻው ውስጥ ተኮማተረ። ግድ የለም፣ ገብቷል አለ። የተኮማተረውን ጣለ፤ ሽፋኑን ለጽሑፏ ሲል አስቀመጠ።

ከዚያ ማጽዳት ጀመረ። የካሴቱን ሹክሹክታ አነሣ። የመጫወቻውን እጀታ፣ የጆይስቲኩን፣ ቀጭ ቀጭታ አነሣ። ከኋላ የሚሰማውን የእናቱን ፔዳል አነሣ። ከሁሉም ያስቸገሩት ቀዳዳዎቹ ነበሩ። ያ ማሽን በአንድ ጊዜ ከአራት ድምፅ በላይ አይወጣለትም፤ ቀበሮዋ ስትዘል ለዝላይዋ «ፑፕ» እንዲል አንዱ ድምፅ ከዜማው ላይ ይነጠቃል፤ ዜማውም እዚያ ጋ ለቅጽበት ይበሳል። እህቱ ደግሞ ችኩል ነበረች። ጉድጓዱ ገና ሩቅ ሳለ ትዘላለች፤ የሚዘለል በሌለበትም ደስ ካላት ትዘላለች። ዜማው ወንፊት ሆኖ ነበር። ማሙሽ እያንዳንዱን «ፑፕ» አውጥቶ የጎደለውን ኖታ ሞላ። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሲጨርስ አንዲት ቀዳዳ አልቀረችም። ከበሮውን አገባ፣ ወደ አምስት ደቂቃ ዘረጋው፣ «ለእትዬ» ብሎ ለጠፈው። ላፕቶፑ ሞልቶ ስለነበር ጥሬውን ቅጂ አጠፋው። ቆሻሻ ማን ያስቀምጣል?

መሰሎቹ አበዱለት። እንዲህ ያለ ጥራት ሰምተን አናውቅም አሉት። የልብ ልብ ተሰማውና እሑድ ከሰዓት እናቱን ከመኪናዋ ጎን አስቀምጦ ድምፅ ማጉያውን ከፈተላት።

እናቱ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ካለቀም በኋላ የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ ትንሽ ጠበቀች።

«ያምራል ልጄ» አለች። «እሷስ?»

«ማን?»

«እህትህ ናታ። ካሴቱ ላይ ነበረች እኮ። እዚህ ላይ ግን አጣኋት።»

ማሙሽ ካሴቱ ላይ ድምጿ እንዳልነበረ፣ የጌሙ ሙዚቃ ብቻ እንደሆነ በትዕግሥት ሊያስረዳት ሞከረ።

«ድምጿን መች አልኩህ» አለች እናቱ። «ዝላይዋን ነው እንጂ።»

ጠግኖ የጨረሰው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ጆሮው የሚሰማው ዜማውን ነበር፤ የጎደለውን ራሱ እየሞላ አለፈው። ቀዳዳዎቹ ግን የእህቱ ጣቶች ነበሩ። በዚህ ምድር ላይ ከጨዋታዋ የቀረው ያ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አንድ በአንድ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በፍቅር ደፈነው። ሱቁ ሮጦ ላፕቶፑን በረበረ፣ የቆሻሻ መጣያውን ዘረገፈ፤ ምንም የለም። ከቀረው የካሴት ሽፋን ላይ «እንዳይነካ» የሚለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ለእናቱ ሳይነግራት አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን ምሳ አቅርባለት አልበላ ሲላት ምን ሆንህ አለችው፤ ሁሉንም ዘከዘከላት። ትቆጣኛለች ብሎ እንደሚጠብቅ ልጅ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሣም። እናቱ አልተቆጣችም። ያን የጢንዚዛ ዘፈን ክፈትልኝ፣ ከበሮውን ግን ተወው አለችው።

ዜማውን ያለ ከበሮ ከፈተላት። እናቱ በሌባ ጣቷ የመኪናዋን ጠረጴዛ መታ አደረገች። ትንሽ ቆይታ ደግማ መታች። ማሙሽ መጀመሪያ አልገባውም። ለካ ያን ሁሉ ዓመት እየሰፋች በጆሮዋ ብቻ አልነበረም የሰማችው፤ ልጇ ቤት ስትጠርግ እንኳ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ እንጣጥ ትል ነበር፤ የእናቲቱም እግር ፔዳሉ ላይ አብሮ ይዘል ነበር። ማሙሽ ተንደርድሮ ላፕቶፑን ሳበና ጣቷ ያረፈበትን ሁሉ ምልክት አደረገ።

አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መታች። «እዚህ ጋ ጉድጓድም የለም» አለች ፈገግ ብላ። «ዝም ብላ ነው።» ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ጣቷ ተነሥቶ ተወላወለ። እርግጠኛ አይደለሁምና አታስገባው አለችው። እሱም አላስገባውም። ይሄ የእህቱ እጅ ሳይሆን የእናቱ ትዝታ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን የቀረው እሱ ነው።

አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ሲሞላ እናቱ ጣቷን ከጠረጴዛው አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ዜማው ቀጠለ። ማሙሽ ሌላ ምት ሲጠብቅ ቆየና ቀና ብሎ አያት።

«እዚህ ላይ ውሃው ውስጥ ገባች» አለች። «ከዚህ ወዲያ እሷ አይደለችም፤ አንተ ነህ።»

ማሙሽ ላፕቶፑን እንዳቀፈ አለቀሰ። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነበርና ቶሎ አላባራም። እናቱ ተው አላለችውም፣ ዝም በልም አላለችው፤ እጇን ዘርግታ ጭንቅላቱን አገኘችው።

አዲሱን ቅጂ በዚያው ሳምንት ለጠፈው። ከበሮ የለውም፤ ቀበሮዋ ውሃው ውስጥ ስትገባም ያበቃል። እናቱ መኪናዋን ያለ ክር ስትረግጥ ቀድቶ የፔዳሉን ድምፅ ከኋላ መልሶታል። መሰሎቹ ግራ ገባቸው። አንዱ ፋይልህ ሳይበላሽ አይቀርም፣ ኖታዎች ጎድለዋል አለው። ሌላው የመጀመሪያው በስንት ጣዕሙ አለ። ሦስተኛው ግን ጨዋ ሰው ነበር፤ ወድዶታል፣ ነገር ግን መሐል ላይ ድንገት ስለሚቋረጥ ቀሪውን መቼ እንደሚለጥፍ በትሕትና ጠየቀው።

ማሙሽ ረጅም ነገር ጻፈና አጠፋው። ደግሞ ጻፈና አጠፋው። በመጨረሻ «ቀሪ የለውም» ብሎ መለሰለትና፣ ደጅ ቆማ የምትጠብቀውን ልብስ ሰፊ መኪናሽ ምን አለ ሲል ጠየቃት።