እጅሽን ሰብስቢ

ጆሃንስበርግ ከመጣሁ ጀምሮ አርባ አንድ የኳስ ሜዳ አይቻለሁ። በቴሌቪዥን የሚታይ አንድም የለበትም። ትልቁ ስታዲየም ዱርንፎንቴን ከነበረው የድሮ ቤታችን በእግር የሚደረስበት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ልገባበት አላማረኝም። የእኔ ሜዳዎች አጥር የላቸውም፤ መረባቸውም ቢኖር የተቀደደ ነው። አንዱ ሜዳ ላይ የግቡ ቋሚ ከውሃ ቧንቧ የተሠራ ስለሆነ ኳስ በነካው ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ሌላው ከወርቅ ማዕድን የወጣ ቢጫ አፈር ከተከመረበት ተራራ ሥር ነው፤ ነሐሴ ላይ ንፋስ ሲነሳ የወዲያኛው በረኛ ከዓይን ይጠፋል። ጨዋታው ግን አይቆምም።

ሱስ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሌላዋ ሴት እሁድ ዘመድ ትጠይቃለች፤ እኔ ታክሲ ተሳፍሬ በማላውቀው ሰፈር የማላውቃቸው ሰዎች ሲጫወቱ ለማየት እሄዳለሁ። የአሰልጣኙን ስድብና የተከላካዩን ትንፋሽ ከቅርብ እሰማለሁ። ደንቤ አንድ ነው፤ ጨዋታው ሳይጀመር ሜዳውን በእግሬ አንድ ጊዜ ሳልዞር አልቀመጥም። ባሌ ይህን ሲሰማ "ቤተ ክርስቲያን መሰለሽ? ልትሳለሚው ነው?" ይለኛል። ይበል። ዞሬ ስጨርስ የቱ ጥግ ውሃ እንደሚያቁር፣ ኳስ የቱ ጋ እንደሚነጥር አውቄያለሁ። ከዚያ በኋላ የሰው ሜዳ ላይ ያለሁ አይመስለኝም።

ባሌ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። ሲቆጣ በሀዲይኛ፣ ሲለምነኝ በአማርኛ ነው። ጻካኔ በሚባል ሰፈር ዳቦ፣ ዘይትና ሳሙና የምንሸጥባት ሱቅ አለችን፤ እዚህ ስፓዛ ይሏታል። ከእሷ በፊት ሌላ ሰፈር የነበረንን ሱቅ በግርግር ቀን ዘረፉን። መደርደሪያው ሳይቀር ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ የባሌ ምክር አንዲት ናት፤ "የሰው አገር ነው፤ እጅሽን ሰብስበሽ ኑሪ።" እሱ እንደሆነ ሰብስቦ ነው የሚኖረው። ደንበኛ ሲሰድበው መልስ ይሰጣል፤ የዳቦውን መልስ።

ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ከአርባ አንዱ የመጀመሪያው ነው። የሰፈሩ ቡድን ከበረኛው እስከ ተቀያሪው ደንበኛችን ነው። ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታቸውን እዚያ አደረጉ። ካሸነፉ ወደ ላይኛው ምድብ ይወጣሉ፤ እኩል ከወጡ እዚያው አቧራቸው ላይ ይቀራሉ። ሰዉ ሁሉ ሜዳ ስለዋለ ገበያ አልነበረም፤ ባሌም ሱቁን ቆልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮኝ መጣ።

ከሁለቱ የመስመር ዳኞች አንዱ ቀረ። የመሐል ዳኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ተመልካቹን አንድ በአንድ በዓይናቸው አጣሩት። አንዱ የዚህ ቡድን አጎት ነው፣ ሌላው የዚያኛው አማች። በመጨረሻ ጣታቸው እኔ ላይ ቆመ።

"ሲሲ፣ ኦፍሳይድ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። እህቴ ማለታቸው ነው።

"ከእርስዎ እኩል" አልኳቸው። ሰዉ ሳቀ።

"እንግዲያው ነይ። አንቺ የማንም አይደለሽም።"

አነጋገራቸው ወጋኝ፤ ግን ተነሳሁ። ከአራት ወንድሞች ጋር ያደግሁ ነኝ፤ ሰፈር ውስጥ በረኛ ካልሆንኩ አያስገቡኝም ነበር። ያኔ ኦፍሳይድ ብዬ ጮኼ ካላስቆምኩ ኳሱ ፊቴ ላይ ነው የሚያርፈው። የቀረው ሰውዬ ባንዲራውን ይዞት ስለቀረ፣ ከሱቃችን ቢጫ መወልወያ ጨርቅ አምጥቼ የመጥረጊያ እጀታ ላይ አሰርኩ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባዶ ለባዶ ነበሩ። ለእኛ ሰፈር አጥቂ ረጅም ኳስ ተላከለት። አጥቂው በየማለዳው ዳቦና ወተት የሚገዛን የታክሲ ሹፌር ነው። ኳሱ ከአቀባዩ እግር ሲወጣ ሹፌሩ ከመጨረሻው ተከላካይ አንድ እርምጃ አልፎ ነበር። አንድ እርምጃ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ባሌ ከመስመሩ ውጭ ከኋላዬ ቆሟል፤ ምን እንዳየ እንጃ፣ ብቻ በአማርኛ ጮኸ፦

"ተይ! በፈጠረሽ! እጅሽን ሰብስቢ!"

ከዚያ ሁሉ ሰው አማርኛ የሚሰማ እኔ ብቻ ነኝ። ሱቃችን ማዶ ይታየኛል፤ ቆርቆሮው፣ አዲሱ ቁልፍ። አልዋሽም፣ ፈራሁ። ጨርቁን ካላነሳሁት ግን ከእንግዲህ በየትኛው ሜዳ ዳር በምን ዓይኔ እቀመጣለሁ? ኳሱ ግብ ውስጥ ሲገባ ቢጫው ጨርቅ አየር ላይ ነበር።

"ሀይቦ!" አለ ሰፈሩ በአንድ አፍ፤ እኛ "ጉድ!" የምንለው ነው። ዳኛው ሮጠው መጡ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ጎሉ ተሻረ፤ ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። የታክሲ ሹፌሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲፈታ አየሁት። አንጀቴን በላው፤ ግን አልተጸጸትኩም። ባሌ ያን ቀን ዳግመኛ አላናገረኝም፤ በሀዲይኛም በአማርኛም።

ሰኞ ማለዳ ሱቁን እኔ ከፈትኩ። ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፏል፤ "ሳውቦና ሲሲ" ብሎ ሰላም ያለኝ ግን የለም። ባሌ ከጎኔ ሆኖ ካርቶን የሚፈታ ይመስላል፤ ያንኑ አንድ ካርቶን ሦስቴ ፈትቶ ሦስቴ ዘጋው። የታክሲ ሹፌሩ ሲመጣ ሰልፉ መንገድ ለቀቀለት። ባንኮኒው ላይ ተደገፈና፦

"ሲሲ፣ በስንት ነው ያለፍኩት?" አለኝ።

እጆቼን ዘርግቼ አንድ እርምጃ ለክቼ አሳየሁት።

"ኤይሽ!" አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አቀራረበ። "ይህችን ታክላለች።"

"ዋጋው ቁርጥ ነው" አልኩት።

ማንም አልሳቀም። ሹፌሩ ዓይኑን ከእኔ አንስቶ ወደ ባሌ ዞረ።

"አንተስ፣ ማይ ፍሬንድ?" አለው፤ ሱቅ ያለውን የውጭ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት። "ከኋላዋ ቆመህ ነበር። ምን አየህ?"

ከሜዳው ይልቅ ያኔ ፈራሁ። ባሌ "አላየሁም" ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሲል የኖረው ያንኑ ነው። ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። ሰብስቧቸው የኖረውን እጆቹን ቀስ ብሎ አነሳ፣ ከዚያም ዘረጋቸው፤ አንዱ የሳሙናውን መደርደሪያ፣ ሌላው የእኔን ትከሻ እስኪነካ ድረስ።

"ይህን ያህል!" አለ።

ሹፌሩ ራሱን ይዞ ሳቀ። ሰልፉም ተከትሎት ሳቀ፤ አንዲት እናት "ሳውቦና ሲሲ" ብለው ዳቦ ጠየቁኝ። ሹፌሩ ወተቱን አንስቶ እየሳቀ ወጣ።

ባሌ እጁን ገና አላወረደም። እውነቱ አንድ እርምጃ ነው፤ እሱ ሁለት አድርጎታል። አላረምኩትም።