የሁዳዴ ትከሻ ጠባቂ

በሕይወቴ ብዙ ነገር ጠብቄአለሁ። ወፍጮ ቤት ስላለኝ የሰው እህል እጠብቃለሁ፤ የዕድሩን ድንኳን እጠብቃለሁ፤ በመኸር ደግሞ ገብሴን ከጭላዳ እጠብቃለሁ። የሰው ትከሻ እንድጠብቅ የተሾምሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በሁዳዴ ጾም።

ምክንያቱ አራት እንግዶች ናቸው። ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ ሁሉም ፈረንጆች፣ ሁሉም ባለክር መሣሪያ ተጫዋቾች። ከዓለም ከተማ ተነሥተው አቧራ እንደለበሱ የመንዝ ብርድ ላይ ደረሱ። በከተማችን ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ተቀምጠው ጠዋት ጠዋት ተማሪዎችን ሊያስተምሩ፣ በመዝጊያው ቅዳሜ ከተማሪዎቹ ጋር ሆነው ሕዝብ ፊት ሊጫወቱ፣ ከዚያም ወደ ራቤል ሊያልፉ ነው። ሁለት ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ከፍ የሚል አንድ ቪዮላ፣ እንዲሁም ተጫዋቹ ወንበር ላይ ሆኖ በጉልበቶቹ መካከል የሚያቆመው አንድ ትልቅ ቼሎ ይዘዋል። ቼሎውን የከተማው ሰው ወዲያው "እማሆይ" አለው። ሰፊ ናት፣ ቁጭ ብላ ነው የምታገለግለው፣ ድምፅዋም የጸሎት ነው። በጾም ሆድ ሲጎድል ምላስ ይሰላል።

እኔ ሙዚቃ የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ የሞተር ነገር ያወቅሁትም ሞተር እየፈታሁ ነው። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ እሱን ማንም ስላልፈተነው ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲፈትን ይኖራል። ደንቤ ግልጽ ነበር። በሁዳዴ ማሲንቆ ይሰቀላል፣ ክራር ይሰቀላል፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮዋን ታሳርፋለች። የፈረንጅ ክር ከዚህ በምን ይለያል?

የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበርሁ ርዕሰ መምህሩን ሄጄ ጠየቅሁት። ወጣት ነው፤ ከእኔ ጋር ሲነጋገር ክራቫቱን ይነካካል።

"ጋሼ፣ የእነሱ ዕረፍት የገጠመው አሁን ነው" አለኝ።

"ሁዳዴስ የተጀመረው ዘንድሮ ነው?"

"እነሱ እኮ አያውቁም ጋሼ።"

"አንተስ?"

ክራቫቱን አጠበቀ። አለመከራከሩን ወደድሁለት።

ቤቴ ስገባ ግን የማይከራከር አልጠበቀኝም። ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የመጨረሻ ልጄ ከተመረጡት ተማሪዎች አንዷ ሆና ቆየችኝ። ቅዳሜ በመጨረሻው ዜማ የእማሆይ ተጫዋች ተነሥቶ ወንበሩን ይለቅላታል፤ እሷም ደጋኑን አንድ ወፍራም ክር ላይ ትስባለች። አንድ ብቻ።

"አንድ ድምፅ ለማውጣት ነው ይህ ሁሉ ደስታ?" አልኋት።

"አባባ፣ አንዱ ከሌለ ሦስቱ ይወድቃሉ። ምሰሶው እሱ ነው።"

"ጾም ነው።"

"በገና በጾም ይደረደር የለም እንዴ?"

"በገና የዳዊት ነው።"

"እማሆይስ የማን ናት?"

እናቷ ሽሮውን እያማሰለች ከት ብላ ሳቀች። "መልስላት እንጂ፣ አንተ ሰው! ሁልጊዜ ጠያቂ አንተ ነህ፤ ዛሬ ተጠየቅህ።"

ተቆጣሁ። አባት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጣው መልስ ሲያጣ ነው፤ ልጆች ይህን ያውቃሉ፣ እኛ ግን የማያውቁ ይመስለናል።

በማግስቱ ጉዳዩን ወደ ደብሩ አለቃ ወሰድሁት። አለቃ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲፈርዱ አይቸኩሉም።

"ቃል አለው?" አሉኝ።

"የለውም አባ። ክሩ ብቻ ነው።"

"ወንድና ሴት ያስተቃቅፋል?"

"ኧረ የለም።"

"ትከሻስ?"

"ትከሻውን አላወቅሁም።"

"እንግዲያው ነገሩ ትከሻ ላይ ነው" አሉ። "ትከሻ ካስነቀነቀ ዘፈን ነው፣ ይቅር። ካላስነቀነቀ እንደ ወፍ ድምፅ ነው፤ ወፍ ደግሞ በሁዳዴ ዝም በል አትባልም። ረቡዕ አራቱ ብቻቸውን ይጫወቱ፤ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ይቁምና ትከሻ ይጠብቅ። አንድ ትከሻ ከተነቃነቀ ቅዳሜ የለም።"

"ማን ይቁም?"

አዩኝ።

"ልጄ እኮ ከተጫዋቾቹ መካከል ናት አባ። ያደላል ይሉኛል።"

"ታደላለህ?"

"አላደላም።"

"በቃ፤ ስለዚህ ነው አንተ የሆንኸው።"

ረቡዕ ከቅዳሴ መልስ አዳራሹ ጢም አለ። ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጓጓዋል፤ ሰዉ በጋቢና በሱፍ ባና ተጠቅልሎ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ጀርባዬን ለተጫዋቾቹ ሰጥቼ ቆምሁ። ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ልጆቹ እንዳይከለከሉ ሲል ከተማው በሙሉ ላይነቃነቅ ተማምሎ መጥቷል።

የመጀመሪያው ዜማ ዝግ ያለ ነበር፤ ማንም አልተቸገረ። ሁለተኛው ፈጠን አለ። ሦስተኛው ጋለበ። እኔ ተጫዋቾቹን ስለማላይ ሙዚቃውን የተከታተልሁት በሰው ፊት ላይ ነው። አንዱ የጋቢውን ጫፍ ነክሷል። አንዱ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ቆርቆሮ ይቆጥራል። ባለቤቴ ሁለት እጆቿ ላይ ተቀምጣለች። ያን ያህል ሰው እንደ ጅብራ ተገትሮ ሲያልበው አይቼ አላውቅም፤ ያውም በመንዝ ብርድ።

ከአዲስ አበባ አብራቸው የመጣች አስተርጓሚ ነበረች። ዜማው ሲያልቅ ጎንበስ ብላ ወደ እኔ መጣች።

"ጋሼ፣ ምን አጠፋን እያሉ ነው።"

"ምንም አላጠፉም።"

"ሰዉ እኮ አይነቃነቅም! ሌላ አገር ቢያንስ ራሱን ይወዘውዛል። ለቅሶ ቤት የገቡ መስሏቸዋል።"

"በርቱ በያቸው። ሰዉ በጣም ደስ ብሎታል።"

"ይሄ ነው ደስታ?"

"የታሰረ ደስታ ነው።"

ሕጉን ልነግራት ነበር፤ ተውሁት። ተፈታኝ መልሱን ካወቀው ፈተናው ፈተና አይሆንም። እሷ ምን ብላ እንደተረጎመችላቸው አላውቅም፤ ከኋላዬ ግን ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ከዚያ ደጋኖቹ ተነሡ፤ ከእነዚያ የፈረንጅ ክሮችም የገብስ አጨዳ ዜማችን ወጣ።

ይህ ዜማ በእኛ አገር ሰው አካል ውስጥ በጆሮ አልገባም፤ በወገብና በትከሻ ነው የገባው። አዳራሹ አቃሰተ። በር አጠገብ የነበረው የጨው ነጋዴ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ወዲያውም ከግድግዳው ማዶ መሬት ሲደበደብ ተሰማ። ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ።

"ሹመቴ ለአዳራሹ ብቻ ነው" አልሁ።

የዚያን ጊዜ ነው ያየሁት። አለቃ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ካህናት በማኅሌት የሚደገፉበትን ረጅም መቋሚያቸውን በሁለት እጅ ይዘዋል። መቋሚያው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ አለ። ተመለሰ። ወደ ግራ አለ። ትከሻቸውም ተከተለ።

ልጄን ፈለግኋት። መስኮቱ ሥር ከተማሪዎቹ ጋር ቆማለች። ማየቴን አይታለች፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

ዜማው አለቀ። አለቃ ዓይናቸውን ገለጡ።

"እህሳ፣ ጠባቂ! ምን አየህ?"

ከእኔና ሕጉን ከማያውቁት እንግዶች በቀር ፊታቸውን ያየ የለም። "ምንም" ብል ከተማው ይመርቀኛል፣ ልጄም ቅዳሜ ትጫወታለች። ያን ጊዜ አልተፈተንሁም ብል ዋሸሁ። ነገር ግን እውነት ሞተሩን ከድንጋዩ እንደሚያገናኝ የወፍጮ ቺንጋ ነው፤ አንዴ ከላላ ሌላው ሁሉ መንሸራተት ይጀምራል።

"አንድ ሰው ተነቃንቋል" አልሁ።

"ወይኔ ልጄን!" አለች ባለቤቴ። ከኋላ አንዱ "ነጋዴው ከሆነ ውጭ ነው፣ አይቆጠርም!" ብሎ ጮኸ።

"ማን ነው?" አሉ አለቃ ኮስተር ብለው።

"እርስዎ ነዎት አባ።"

አለቃ መቋሚያቸውን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አገላብጠው አዩት።

"እኔ?"

"እርስዎ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም።"

"ትከሻዬ ነው መቋሚያውን የመራው ወይስ መቋሚያው ትከሻዬን?"

አሰብሁ። አስቤም እውነቱን ተናገርሁ። "የቀደመው መቋሚያው ነው።"

"እንግዲያማ ዝማሜ ነው!" አሉ፣ ፊታቸው እየበራ። "ካህን በመቋሚያ መወዛወዙ ዝማሜ ይባላል፤ ዝማሜ ደግሞ በሁዳዴ አልተከለከለም።"

ከመጨረሻው አግዳሚ አንዲት ባልቴት ተነሡ። "ታዲያ አባ፣ ለእኛስ ዱላ ማን ነፈገን?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቃም ሳቃቸውን በጢማቸው ሊሸፍኑ ሞክረው አልሆነላቸውም። "ቅዳሜ ይሁን" አሉ። "መነቃነቅ የሚፈልግ ግን ዱላ ይዞ ይምጣ።"

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ከጎኔ ትሄዳለች።

"አባባ፣ የአጨዳውን ዜማ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።"

"መልካም።"

"ሰዉ ዝም ካለባችሁ እሱን ሞክሩ ያልኋቸውም እኔ ነኝ።"

ቆምሁ። "አለቃ እንደሚነቃነቁ ታውቂ ነበር?"

"በአጨዳ ጊዜ አያቸዋለሁ። ዜማው ሲነሣ ማጭዳቸውን ጥለው ዱላቸውን ይይዛሉ።"

"ቢፈርዱብሽስ?"

"በራሳቸው ላይ አይፈርዱማ።"

"ስለ ካህን እንዲህ አይባልም!" አልሁ፤ እውነቷን እንደሆነ እያወቅሁ። "እኔስ ዝም ብል? እኔ ካልተናገርሁ ማን አየ?"

"እርስዎ?" ብላ ሳቀች። "እርስዎ ዝም አይሉም።"

የአባትን እውነት ወጥመድ ማድረግ ነውር ስለመሆኑ ረጅም ተግሣጽ አዘጋጀሁ። ደጃችን እስክንደርስ ግን በእውነቴ ተጠመድሁ ልበል ወይስ በእውነቴ ታመንሁ፣ መለየት አቃተኝ፤ ተግሣጹም አፌ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ የሆነውን ሳስብ ዛሬም እስቃለሁ። ሰዉ የአለቃን ቃል አከበረ። ዱላ ያለው ዱላ፣ ከዘራ ያለው ከዘራ፣ የአጥር እንጨት የነቀለም አለ፤ ሴቶች ማማሰያ ይዘው መጡ። ረቡዕ እንደ ድንጋይ ሆኖ የተቀበላቸው ሕዝብ አሁን ዱላውን ይዞ በበሩ ሲጎርፍ አራቱ አዩት። ፊተኛዋ ባለቫዮሊን መሣሪያዋን ወደ ሳጥኑ መለሰች። የእማሆይ ተጫዋች እማሆይን አቅፎ ከኋላዋ ተሸሸገ።

አስተርጓሚዋ እየሮጠች መጣች። "ጋሼ! ኧረ ምን አጠፋን?"

"ለማድመጥ ነው በያቸው።"

"በዱላ?"

"ቁጭ በሉ በያቸው። አሁን ያያሉ።"

አዩም። የአጨዳው ዜማ ሲነሣ ያ ሁሉ ዱላና ማማሰያ በአንድነት ወደ ቀኝ፣ በአንድነት ወደ ግራ ዘመመ። ባለቫዮሊኗ እየተጫወተች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በመጨረሻ ልጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጠባቂነቴ ስላበቃ እኔም እንደ ሰው አግዳሚ ላይ ነበርሁ። ደጋኑን ክሩ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ሳበች። የወጣው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ወፍጮዬን መሰለኝ፤ ይህን ስል ላመሰግናት ብዬ ነው። ሦስቱ በላዩ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ጨረሱ። ፊተኛዋ ባለቫዮሊን "አበቃ" ለማለት ደጋኗን ከፍ አደረገች። ልጄ ግን አላየቻትም። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ደጋኑን ትስባለች፣ ትመልሳለች፣ ትስባለች።

"በቃ" ማለት የእኔ ሥራ ነው። በቤቴ ውስጥ ከአፌ የሚወጣው ቃል ግማሹ እሱ ነው። ሦስቱ ፈረንጆች ይጠብቃሉ፣ አለቃ መቋሚያቸውን አቁመው ይጠብቃሉ፣ ባለቤቴ በማማሰያው ጎኔን ትወጋኛለች።

"ልጄ፣ እረፊ እንጂ፣ ክንድሽ ዛለ!" አሉ ባልቴቷ ከኋላ።

ሰዉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ደጋኑ ከክሩ ላይ ተንሸራተተ። እኔ ግን በቃ አላልሁም።