የእትዬ አስካለ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ጭሮ ውስጥ ለቅሶ ልደርስ ድንኳን ስገባ፣ ፀሐይ ያሞቀው የሸራ ሽታ አፈነኝ፤ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «እግዜር ያጽናችሁ» እያሉ ሲገቡ፣ በር ላይ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱም ከስልኩ ቀና ብሎ አልተነሣላቸውም። ወንበሬን ለቅቄ አስቀመጥኳቸው፤ ልቤ ግን ይህችኑ ጭሮን አሰበ ተፈሪ እንላት ወደነበረበት የልጅነቴ ዘመን ሄደ።

እናቴ ጴንጤ፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ኦርቶዶክስ፣ ከማዶ ያሉት ሐጂ ዩሱፍ ሙስሊም ነበሩ፤ የሰፈሩ ጨዋነት ግን አንድ ነበር፤ ታላቅ ሲገባ መነሣት፣ ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብ ሆዳችን እየጮኸም ቢሆን «ጠግበናል» ማለት። እትዬ አስካለ የሆዳችንን ጩኸት ሰምተው እየሣቁ በግድ ያጎርሱን ነበር።

አንድ ልጃቸው ደረጀ ከመቻራ ቡና የሚጭን መኪና ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናው ገደል ገብቶ ደረጀ መሞቱ ተሰማ። ሐጂ ዩሱፍና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ እናቲቱ እህል ቀምሰው አንድ ሌሊት እንዲተኙ፣ መርዶውም ጎህ ሲቀድ እንዲነገር ወሰኑ። እናቴ እኛን ሰብስባ «ፊታችሁ ላይ እንዳያነቡ!» ብላ አስጠነቀቀችን።

አመሻሹ ላይ እትዬ አስካለ እንደ ልማዳቸው ሊጫወቱ መጡ። ገና ደጃፉን ሲረግጡ ሁላችንም ብድግ አልን፤ እናቴ የራሷን ወንበር ለቀቀችላቸው፤ ከደጅ የሚያልፈው ጎረቤት ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። የቀረበላቸውን እየቆረሱ «ምነው ዛሬ እንዲህ አከበራችሁኝ?» አሉ።

«እርስዎን ያላከበርን ማንን እናከብራለን፣ እትዬ?» ብላ እናቴ ሣቀች። እንዲያ ያለ አስፈሪ ሣቅ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም አልመረመሯትም፤ እጃቸውን ታጥበው፣ «ቤታችሁ ይባረክ» ብለው ወጡ።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ሲሄዱ የእናቴን ነጠላ ይዤ ተከተልኩ። በሩ ክፍት ነበር። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው፣ ቤቱን ጠርገው፣ ያላቸውን በርጩማና አግዳሚ ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ ደርድረው ቆመዋል።

ሐጂ ዩሱፍ «አስካለ፣ እንግዲህ ሰብር አድርጊ፣ ቻል አድርጊው…» ሲሉ አቋረጧቸው።

«መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ሐጂ። ሽማግሌ ቆሞ አያረዳኝም።»

ሁሉም እስኪቀመጥ ጠበቁ። ከዚያ «ደረጀዬ ነው፣ አይደል?» አሉ። ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ አስካለ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ሲዘረጉ፣ መሬት ሳይነኩ የሴቶቹ ክንድ ተቀበላቸው።

እናቴ «እንቅልፍ የሰጠናቸው መስሎን፣ ብቻቸውን እንዲያለቅሱ ተውናቸው» እንዳለች ሞተች። እውነቷን ነው፤ ያ ጨዋነት ሐዘናቸውን አላቀለለላቸውም፤ ምናልባት አክብዶባቸው ይሆናል። ቢሆንም እነዚያ ሰዎች ስለ እሳቸው እስኪነጋ ድረስ ተጨንቀዋል።

ዛሬ ሁሉም አልፈዋል። እኔ የምኖረው ከፍ ባለ የግንብ አጥር ውስጥ ነው፤ የጎረቤቶቼን የመኪና ድምፅ እንጂ ስማቸውን አላውቅም። የኔም ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ተሰብስቦ «እንዴት አድርገን እንንገራት?» ብሎ የሚጨነቅልኝ ሰው የለኝም።